የይታየው ዣንጥላ

ሰው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላም ይቀናል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ቅናት የጉርምስና ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ከጥርስና ከጸጉር ጋር አብሮ የሚረግፍ። ባለፈው ጥቅምት ግን ለልጅ ልጄ ክርስትና ከቢቸና ሞጣ ሄጄ፣ በማግስቱ ጠዋት ክርና ዚፕ ልገዛ ወደ ገበያው ስወርድ፣ አንድ የቀለምና የምስማር ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው አየሁ። አንደኛው ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ ጣቶቹን ጨብጦ፣ በግራው በኩል ወደ ታች እየሳበ ያወራል። ቆምኩ። እንደዚያ አድርጎ እጁን የሚያነሣ ሰው እየጨፈረ አይደለም፤ እየጸለየም አይደለም። የዣንጥላ ገመድ ይዞ ከነፋስ ጋር እየታገለ ነው። ፊቱን ገና ሳላየው ይታየው መሆኑን አወቅኩ፤ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳም ቀናሁበት።

ቀድሞ ያየኝ ግን ሁለተኛው፣ የሱቁ ባለቤት በላቸው ነው። «አጣፊው!» ብሎ ጮኸ። «ይታየው፣ ዙር እስቲ፣ አጣፊው መጣልህ! አንተ አንማው አይደለህም እንዴ?» ይታየው ተነሣ። ቀጥ ብሎ ነው የተነሣው። እኔ የስፌት መኪና ላይ ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ ጀርባዬ ቀስት ሆኗል፤ እሱ ስንት ጊዜ ከሰማይ ተወርውሮ መሬት የመታው ሰውዬ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሏል። በትከሻው ገጨኝ፣ ጉንጬን ሳመኝ፣ «ደህና ነህ ወይ አንማው» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም። በላቸው የቀለም ጣሳ ገልብጦ አስቀመጠኝና ከማዶው ሻይ ቤት ሦስት ሻይ አዘዘ። የሻይ ቤቷ ልጅ «አባባ፣ ስኳር ላድርግ?» ስትለን ሦስታችንም እኩል «ተይው» አልናት። ሦስታችንንም ሐኪም ስኳር ከልክሎናል።

አጣፊው ለምን እንደተባልኩ ላስረዳ። ከይታየው ጋር የተዋወቅነው ወደ አዲስ አበባ በሚወርድ አውቶብስ ውስጥ ነው፤ እሱ ከሞጣ ተሳፍሮ መጥቷል፣ እኔ ቢቸና ላይ ገባሁ። ሁለታችንም ለውትድርና ልንመዘገብ ነበር የምንሄደው። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩ ከሰው ፊት በፊት ልብሱን ነው የማየው፤ ይታየው ታችኛው እግሩ አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ኮሌታው እስከ ትከሻ የሚደርስ የቴትሮን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ከአውቶብሱ ጣሪያ ጋር እየተላተመ ይስቃል። የሱሪው ስፌት ጥሩ እንዳልነበረ ዛሬም ድረስ አስታውሳለሁ። ግን ማን ስፌቱን ያያል? ደጀን ላይ ወርደን እንጀራ በወጥ በሃምሳ ሳንቲም ስንበላ፣ የምግብ ቤቷ ሴትዮ ለእሱ ሳይጠይቅ ወጥ ጨመረችለት። ለእኔ አልጨመረችልኝም። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ሰው ሃምሳ ዓመት ይይዛል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ ይዣለሁ።

ደብረ ዘይት ካምፕ ገብተን አየር ወለድ ሊሆኑ የሚችሉት ሲመረጡ ሐኪሙ ጆሮዬ ውስጥ መብራት አስገብቶ አየና «ልጅ ሳለህ ይመግል ነበር?» አለኝ። ነበር። «ይሄ ጆሮ ከፍታ አይችልም» አለና ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ። ይታየውና እዚያው ካምፕ የተዋወቅነው በላቸው ለዝላይ አለፉ። እኔን የልብስ ሰፊ እጅ አለው ብለው ዣንጥላ ማጠፊያው አዳራሽ አስገቡኝ። የሚዘለልበትን ዣንጥላ ማለቴ ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ዣንጥላ ነበር የምንለው። አዳራሹ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጨርቁን እዚያ ላይ እናሰፋዋለን፣ ገመዱን አንድ በአንድ እየለየን እናስተካክላለን፣ ሸንሽነን ጀርባ ላይ ወደሚታዘለው ቦርሳ እንከታለን። በመጨረሻ አጣፊው ከቦርሳው ጋር ባለችው ካርድ ላይ ይፈርማል። ያቺ ፊርማ «ይህን የሚለብስ ሰው ነፍሱ በእኔ እጅ ነበረች» ማለት ናት። ቢሆንም ማንም ሰው ፊርማዬን አይቶ አጨብጭቦልኝ አያውቅም። ጭብጨባው ሜዳው ላይ ነበር።

እሑድ እሑድ ከተማ እንወጣለን። ደብረ ዘይት ያን ጊዜ የጋሪ ከተማ ነበረች፤ በሃያ አምስት ሳንቲም ከካምፑ በር እስከ መሐል ከተማ፣ ፈረሱ ኮቴውን እያስጮኸ ያደርሰናል። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ኬክ አሥራ አምስት። ከሲኒማ ቤቱ ማዕዘን ላይ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍን ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ ስለሚያዞር አዲስ የወጣውን ዘፈን ሁሉ እዚያው ቆመን እንማረው ነበር። ሁላችንም አንድ ዓይነት ካኪ፣ የተወለወለ ከስክስ ጫማ፣ ቀይ መለዮ ነው የምናደርገው። ልዩነቱ ደረት ላይ ነው። የዘለሉት ደረታቸው ላይ የብር ክንፍ አለ። ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት ደረት ነው። አንዷ ኬክ ቤት ውስጥ ደረቴን አይታ «አንተስ?» አለችኝ። «እኔ አጣፊ ነኝ» አልኳት። «የምን አጣፊ? የአንሶላ?» ብላ ስትስቅ ይታየው አብሯት ሳቀ። ወዲያው ትከሻዬን አቅፎ «አትሳቂ፣ እኔ የአገሬ ልጅ ያጠፈውን ካልሆነ አልለብስም» አላት። እውነቱን ነው። ከመዝለሉ በፊት ቦርሳዎቹ ከተደረደሩበት የእኔን ፊርማ ፈልጎ ነበር የሚያነሣው። እሱ እያከበረኝ ነበር። እኔ ግን ያ መታመን ራሱ ያንገበግበኝ ነበር፤ እሱ በሰማይ እንዲታይ እኔ መሬት ላይ ጨርቅ እሸነሽናለሁ።

አሁን ወደ እናኑ ልምጣ። እናኑ የቢቸናው ክሊኒክ የድሬሰሩ ልጅ ነበረች። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ልቤ ውስጥ ናት። ከካምፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፍኩላት። የምትመልሰው አጭር ነው፤ «ደህና ነኝ፣ አንተስ ደህና ነህ፣ እዚህ ዝናብ ጥሩ ነው።» ያ ዝናብ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነበር። ይታየው የዓመት ፈቃድ አግኝቶ ወደ ሞጣ ሲሄድ አውቶብሱ ቢቸና ያድራልና ለእናኑ አንድ ደብዳቤና አንድ ሻሽ ላክሁበት። ሻሹ የሚያምር ውሃ ሰማያዊ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ነጭ አበባ ያለው፤ ሦስት ብር ከሃምሳ ነው የገዛሁት፣ ለአንድ ወር እሑድ ከካምፕ ሳልወጣ ቀርቼ። «አደርሳለሁ» አለኝ። አደረሰም። ተመልሶ ሲመጣ «ሰጥቻታለሁ፣ አመሰግናለሁ ብላሃለች» ብሎኝ ሌላ ነገር ተናገረ፣ ስለ ማር፣ ስለ እናቱ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። በማግስቱ ትልልቅ እንግዶች የሚገኙበት የዝላይ ትርዒት ነበረ፤ ይታየው ከተመረጡት አንዱ ነው። ደብዳቤዋን ምሳ ሰዓት ላይ ሰጡኝ። «ይታየው ሽማግሌ ልኮ አባቴም እሺ ብሏል። እኔም ወድጃለሁ። አንተ ለእኔ እንደ ወንድሜ ነህ፣ እንዳታዝንብኝ» ይላል። ዝናቡን አላነሣችውም። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ወደ አዳራሹ ገባሁ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው የይታየው ዣንጥላ ነበር።

ይህን ለሚስቴ ለደብሬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም በግማሹ ነው የነገርኳቸው። እጄ ገመዶቹ ላይ ነበር። አንዱን በአንዱ ላይ ባሳልፈው፣ አንዲት ጥምዝ ብተው፣ ማን ያያል? ይህን አሰብኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም። ወደ ልቤ ስመለስ ቦርሳው ተዘግቷል፣ ካርዱ ላይ ፊርማዬ አለ፣ ባልደረባዬም ወስዶ ከሌሎቹ ጋር ደርድሮታል። እጄ ሠርቷል፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ምን እንዳደረገ ላስታውስ ብል ምንም የለም። ጥሩ አድርጌዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠዋት ለቁርስ ስቀርብ ግን ዳቦውን ትቼ ተነሣሁ።

ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ የሙዚቃ ጓድ ይነፋል፣ የካምፑ ሰው ሁሉ ተሰልፏል። ዘላዮቹ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተዋል፤ ሞተሩ ተነሥቷል። ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። አሠልጣኙን መቶ አለቃ ክንዱን ያዝኩት፤ መኮንን ክንዱ ይያዛል እንዴ! «የይታየውን ዣንጥላ ያስወልቁት! ስህተት አለበት፣ እኔ ነኝ ያጠፍኩት!» አልኩ። እንግዶቹ እያዩ አውሮፕላኑን አስቆሙ። ይታየው ወረደ። በእሱ ምትክ ተጠባባቂ ሆኖ የቆመው በላቸው፣ ሌላ ሰው ያጠፈውን ለብሶ ገባ። ይታየው ከአጠገቤ ቆሞ ወደ ላይ እያየ፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ እንደ ነጭ አበባ ሲፈነዱ ተመለከተ። በላቸው ከድንኳኑ ፊት ለፊት በሁለት እግሩ ቆሞ አረፈ፤ የወርቅ ቅብ ሰዓት ተሸለመ፣ እጁንም ተጨበጠ።

ከሰዓት በኋላ ዣንጥላውን ሁላችንም ባለንበት ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ገመዱ አንድ በአንድ ተለየ። አንዳች እንከን አልነበረበትም። መቶ አለቃው ሁለቴ አስመረመረውና «ከዚህ የተሻለ አጠፋፍ አይቼ አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ስህተቱ የት አለ?» አለኝ። የእናኑን ነገር ከይታየው የሰማው ሁሉ ተያየ። ይታየው ወደ እኔ ቀረበና በለሆሳስ «ቀናህ» አለኝ። አንዲት ቃል። እኔም ዝም አልኩ፤ እውነቱ ከዚያ ይከፋ ነበርና። ከአዳራሹ አውጥተው የካምፑ ልብስ ስፌት ጣሉኝ። ዘመኑ ሲለዋወጥ፣ መንግሥትም ሠራዊቱም ሌላ ሲሆን፣ ተሰናብቼ ቢቸና ገባሁና በአባቴ መኪና ሱሪ ማጥበብ፣ ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ። እነሱ ተጋቡ፤ እሱ ከሠራዊቱ ሲወጣ ሞጣ ኖሩ። ከቢቸና ሞጣ ሩቅ አይደለም፤ በደብረ ወርቅ አልፎ ጠዋት የተነሣ ለምሳ ይደርሳል። እኔ ግን ያን መንገድ በሃምሳ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ነው የሄድኩት፤ አራቱንም ጊዜ አንገቴን ደፍቼ።

እንግዲህ በበላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማዳምጣቸው እነዚህን ነው። ወሬያቸው እንደ ወጣትነታቸው ነው። በላቸው አንድ ጊዜ ነፋስ ወስዶት አውድማ መሐል እንዳረፈና ገበሬው ሽመሉን ይዞ «በስመ አብ!» እያለ እንዳባረረው አወራ። «ክርስቲያን ነኝ፣ ማተቤን እይ! እያልኩ ማተቤን ብጎትት የዣንጥላው ገመድ ነው የሚወጣልኝ» ብሎ አሳቀን። ይታየው ደግሞ ሰው የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ የሚሰማውን ተናገረ። «ስትወጣ ጩኸቱ ሁሉ ይቆማል። ጨርቁ እስኪከፈት ያለችው ጊዜ፣ እሷን የሚያህል ነገር በምድር የለም። ሲከፈት ደግሞ አንድ ሰው ከኋላህ ኮሌታህን የያዘህ ይመስልሃል» አለ። እኔ ያንን ነገር ስንት ሺህ ጊዜ በእጄ ዳስሻለሁ፤ ምን እንደሚመስል የሰማሁት ግን ያን ዕለት ነው። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ጆሮዬ ጭራሹን ደንቁሯል፤ ግን በዚያች ደቂቃ ሻዩን ፊቱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወሬው ወደ አገር ጉዳይ ዞረ። በላቸው መንገዱን ግራና ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ያኔም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው፣ ዛሬም እንደዚያው። መንገዱ ለስንት ቀን እንደተከፈተ፣ ማዳበሪያ እንዴት እንደጠፋ፣ የይታየው የመጨረሻ ልጅ በዲግሪ ተመርቆ ቤት እንደተቀመጠ። «እኛ ከሰማይ ስንወረወር የት እንደምናርፍ እናውቅ ነበር፤ እነዚህ ልጆች መሬት ላይ ቆመው እንኳ የት እንደሚያርፉ አያውቁም» አለ ይታየው። በላቸው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጨው አልባ ሽሮ፣ ሞጣ ውስጥ ስለቀረ አንድ ጥሩ ጥርስ ነቃይ አወሩ። እኔ «እናኑስ?» ለማለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ሻይ ጠጣሁበት።

በላቸው ነው ነገሩን ያነሣው። እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አሳየኝ፤ ቅቡ ተልጦ ነሐስ መስሏል። «አሁንም ይሠራል። ያንተ ቅናት ነው ያሸለመኝ፣ እድሜ ይስጥህ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ይታየውም ፈገግ አለ፤ ሲስቅ እንደኖረበት ያስታውቃል። «ለልጆቼ ሁሉ አውርቻለሁ» አለ። በዚያ መሐል ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው መጣና በላቸው ወደ መጋዘኑ ሄደ። ሁለታችን ቀረን።

«በቅናት አልነበረም» አልኩ።

«ተወው አንማው፣ አርጅተናል እኮ። ማን ይፈርድብሃል?»

«ከቅናት የባሰ ነው» አልኩና ነገርኩት። ደብዳቤውን፣ ገመዱን፣ ያሰብኩትን፣ እጄ የሠራውን አለማስታወሴን። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልቆርጥ። ስናገር እሱ ሻዩን ወደ አፉ አላነሣም። ስጨርስ የሻዩን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልትገድለኝ ነበር» አለኝ።

«አሰብኩ። አደረግኩ አላደረግኩ ግን አላወቅኩም ነበር። ለዚህ ነው የሮጥኩት።»

«ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? አንተ ቀናህ አልከኝ፤ ያቺ ቃል ትቀለኝ ነበር።»

ከፊታችን አህያ ጤፍ ተጭና አለፈች፣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፤ እሱ ምንም አላየም። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገረ። «እውነቱን እኔም ልንገርህ? የቀናብኝ ሰው እንዳለ ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር። ኑሮ ሲከፋኝ፣ ከእናኑ ጋር ስንጣላ፣ ቢቸና ውስጥ አንድ ሰው የእኔን ኑሮ እየተመኘ ይኖራል እያልኩ እጽናና ነበር። ደግሞ ሻሹን ራሴ የገዛሁት ነው ብያታለሁ፤ ደብዳቤህን ብቻ ነው ያንተ ብዬ የሰጠኋት።»

ያን ጊዜ ነው እኔም ብርጭቆዬን ያስቀመጥኩት። ሻሹን ሃምሳ ዓመት የእኔ መስሎኝ ኖሬያለሁ። እናኑ ሌላ ቢያገባትም አንድ ቀን ራሷ ላይ ያሰረችው የእኔን ነው ብዬ። በጥፊ ልመታው ተነሣሁ መሰለኝ፤ ግን ልገድለው አስቤ የነበርኩ ሰው በሻሽ ልጣላው ነው? መልሼ ተቀመጥኩ። እሱ ተነሣ። «ቤት ምሳ ልጋብዝህ አስቤ ነበር» አለኝ። «ዛሬ አልችልም።» ቻው ሳይለኝ፣ ቀጥ እንዳለ፣ ወደ ላይኛው ሰፈር ሄደ። በላቸው ከመጋዘን ሲመለስ «ምን ሆነ?» አለ። «ጉልበቱን አሞት ነው» አልኩት።

ቢቸና ተመለስኩ። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ፤ ለሳምንታት ሞጣ ያለ ልጄን እንኳ ማግኘት አልቻልኩም። ስልኩ የተመለሰ ቀን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየዘመዘምኩ ሳለ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«እኔ ነኝ» አለ ይታየው። «ለእናኑ ነገርኳት። ያንተንም የእኔንም። የሻሹንም።»

እግሬ ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። «ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

«ለማን?»

«አልጠየቅኳትም» አለኝ። «ሻሹ ከሣጥኗ ሥር ነበረ፤ አውጥታ አጥባ አስጥታዋለች። ለምን እንደሆነም አልጠየቅኳትም። በል ደህና ሁን፣ መንገዱ ሲከፈት ና።»

መንገዱ ተከፍቷል፤ እስካሁን አልሄድኩም። ስልኩን ከዘጋ በኋላ የዘመዘምኩትን ዩኒፎርም ፈትቼ እንደገና ዘመዘምኩት፣ ጠምሞብኝ ነበር። እናኑ ለማን እንዳለቀሰች ሳላውቅ እሞት ይሆናል። እሱ ግን ምሳ ሲቀርብ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንጀራ ስትቆርስለት፣ በፈለገው ቀን ሊጠይቃት ይችላል።